ከስኳር ጣሳው ሥር

መጽሐፉን መጀመሪያ ያየሁት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ከዱቄት ጣሳው አጠገብ ተገልጦ፣ እንዳይከደን ማንኪያ ተጭኖበት። የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰለኝ። ገጹ ላይ ቅቤ ጠብ ብሎ ደርቋል፤ ወዙ ከጀርባ ያሉትን ፊደላት አሳልፎ ያሳያል። ስንት ኩባያ ዱቄት፣ ስንት እንቁላል፣ ስንት የሻይ ማንኪያ ጨው የሚል ዝርዝር ነው። ማንኪያውን አንስቼ አንድ ቅጠል ስገልጥ ግን ሰዎች ስለ ተገደለ ሰው ያወራሉ።

“እሱን ወዲህ አምጪው፤ ማታ ታነቢልኛለሽ” አሉኝ እማማ ከሳሎን።

እማማ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው በስማቸው እንድጠራቸው ነበር የፈለጉት፤ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸውን ሴት በስማቸው ብቻ መጥራት ግን አፌ እምቢ አለኝ። የቃሉን ትርጉም ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ሲያነሱ እንኳ “እማማ ነኝ” እያሉ ወዳጆቻቸውን ግራ ያጋቡ ነበር።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2004 ጥር ወር፣ ቦታው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ሁለተኛው ብርድ ነበር። መኪኖቹ ማታ ማታ እንደ ማንቆርቆሪያ ሶኬት ላይ ተሰክተው የሚያድሩበት ከተማ ነው፤ ሞተሩን የሚያሞቀው ገመድ ከፊታቸው ተንጠልጥሎ ሳይ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። እማማ ዘንድ በሳምንት አምስት ማታ እሄዳለሁ፤ እራት አበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ አስተኛለሁ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ መጽሐፍ ይዘው ማንበብ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ለእሳቸው ማንበቡ በሥራ ዝርዝሬ ላይ አልተጻፈም። ከሥራዬ ሁሉ ያፈቀርኩት ግን እሱን ነው።

መጽሐፉ የጆአን ፍሉክ “ቸኮሌት ቺፕ ኩኪ መርደር” ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው፣ የሐና ስዌንሰን ታሪክ የሚጀምርበት። ሐና ሌክ ኤደን በምትባል የሚኒሶታ ትንሽ ከተማ “ኩኪ ጃር” የሚል ኩኪስ ቤት አላት። አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ሞይሼ የሚባል ድመት አላት። ልጇን ለመዳር የማትተኛ ዴሎረስ የምትባል እናት አለቻት። አንድ ማለዳ ወተት አመላላሹ፣ ከተማው ሁሉ የሚወደው ወጣት፣ ከኩኪስ ቤቷ ጀርባ መኪናው ውስጥ በጥይት ተመቶ ይገኛል። ሐና ራሷ የጋገረቻቸው ኩኪሶች ዙሪያውን ተበትነዋል። የእህቷ የአንድሪያ ባል ምክትል ሸሪፍ ነው፤ ሹመት ይፈልጋል። አማቹ ሐና ደግሞ ከተማው ሁሉ ቡና የሚጠጣበት ቤት ባለቤት ናት። እስቲ ጆሮሽን ጣል አድርጊልኝ ይላታል። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

ሌክ ኤደንን ካርታ ላይ ፈለግኋት። የለችም፤ ደራሲዋ የፈጠረቻት ከተማ ናት። ጆአን ፍሉክ ግን ስዋንቪል በምትባል እውነተኛ የሚኒሶታ ትንሽ ከተማ ነው የተወለደችው፤ ብርዱንም፣ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቡናውንም፣ ሰው ሁሉ ሰውን የሚያውቅበትን ኑሮም ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ከዚህ ቀደም የጻፈቻቸው ልብ ወለዶች እንቅልፍ የሚነሱ፣ ጨለማ የሞላባቸው ነበሩ። አንድ ሰው አስፈሪውን ሁሉ ከጻፈ በኋላ ወደ ቅቤና ስኳር መመለሱ ያኔም ዛሬም ልቤን ይነካዋል።

እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን የወንጀል ልብ ወለድ “ኮዚ” ይለዋል። የሻይ ጀበና ሙቀቱ እንዳያመልጥ የሚለብሰው የሱፍ ቆብም ስሙ ይኸው ነው፤ እማማ አንድ አረንጓዴ ነበራቸው፣ አንስተው ያሳዩኝ ቀን ነው የገባኝ። በእነዚህ መጻሕፍት ደም ገጹ ላይ አይፈስም፤ ገዳዩም ከሩቅ የመጣ ወንበዴ ሳይሆን ትናንት ሰላም ያልሽው ሰው ነው። መርማሪዋ ደመወዝ የሚከፈላት ፖሊስ አይደለችም። የአጋታ ክሪስቲ ሚስ ማርፕል እ.ኤ.አ. በ1930 የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ ሲወጣ ሹራቧንና የአትክልት ቦታዋን ይዛ ነው የመጣችው፤ እነ ሐና የእሷ የልጅ ልጆች ናቸው። ምግብ አሠራሩን ከታሪኩ ጋር ማተምም ከሐና በፊት ነበር። ሬክስ ስታውት እ.ኤ.አ. በ1938 “ቱ ሜኒ ኩክስ” በተባለው የመርማሪው የኒሮ ዎልፍ ልብ ወለዱ አድርጎታል፤ ቨርጂኒያ ሪች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 “ዘ ኩኪንግ ስኩል መርደርስ”ን ስታወጣ ወጥ ቤቱ የታሪኩ ማዕከል ሆነ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው የአባቴን መጻሕፍት ብቻ ነበር። አባቴ የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ልብ ወለዶች በጋዜጣ ሸፍኖ፣ እኛ ልጆቹ በማንደርስበት ቁም ሣጥን አናት ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። ማታ ራዲዮኑን ዘግቶ ሲያነብ፣ እናቴ ለበዓል ያቦካችው የድፎ ሊጥ ከማዕድ ቤት ይሸትተኛል። ሁለቱን አንድ ቦታ አገኛቸዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አባቴ ያረፈው እኔ ሚኒሶታ በገባሁ በስምንተኛው ወር ነው፤ ወረቀቴ ገና ስለነበር አልቀበርኩትም። ሐና አባቷ ሲሞት የዶክትሬት ትምህርቷን ጥላ ወደ ሌክ ኤደን እንደተመለሰች ሳነብ ድምፄ ተቋረጠ። እማማ ምንም አልጠየቁኝም። ያ የሚንቀጠቀጥ እጃቸው ብርድ ልብሱን እስከ ጉልበቴ ሳበልኝ።

ስናነብ ሥርዓት ነበረን። ግማሹ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ገዳዩ ማን እንደሆነ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። እኔ በአማርኛ፣ እሳቸው በተንቀጠቀጡ ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት። ወረቀቶቹን አጥፈን ከስኳር ጣሳው ሥር እናስገባለን። ጣሳው ቆርቆሮ ነው፤ አበባው ከመታጠብ ብዛት ደብዝዟል። የመጨረሻው ገጽ ሲያልቅ ጣሳው ይነሣል። ያወቀ ሰው የሚጋገረውን ይመርጣል። እሳቸው ባሸነፉ ቁጥር የሚመርጡት አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያውን መጽሐፍ “ቸኮሌት ቺፕ ክራንች”፣ ያ ወተት አመላላሽ ሲሞት ዙሪያው የተበተነውን ኩኪስ።

የዚህ ኩኪስ ምሥጢሩ ኮርንፍሌክስ ነው። ቅቤው ይቀልጣል፤ ነጭና ቡናማ ስኳር፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጨው፣ ቫኔላና እንቁላል ይገባሉ፤ ከዚያ ዱቄቱ፣ ቸኮሌቱና በእጅ የተፈረፈረ ኮርንፍሌክስ። ኦቭኑ 375 ዲግሪ ፋራናይት ነው፣ በእኛ 190 ሴልሺየስ ገደማ። መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ኩባያ ሲል የቡና ኩባያ መስሎኝ ከቁም ሣጥኑ በትልቁ ሰፈርኩ፤ ሊጡ ለማንኪያ እምቢ አለ። እማማ ከመሳቢያ መስፈሪያውን አውጥተው ሰጡኝ፤ የአሜሪካ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ የታወቀ ልክ ነው። እናቴ ስትጋግር በእፍኝና በዓይን ነበር። እኔ ግን ከእሷ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄ፣ እፍኟን መዋስ በማልችልበት ቤት፣ ያ ትንሽ የብረት መስፈሪያ እጄን ይዞ የሚመራ ሰው ያህል ሆነልኝ።

እነዚህን መጻሕፍት የሚንቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሰው ተገድሎ ኬክ ይጋገራል ወይ ይላሉ። እኔ የማውቀው አገር ለቅሶ ሲሰማ ጎረቤት መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ሆነና? ንፍሮ ይቀቀላል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ጀበና ይጣዳል። ሐዘንተኛዋ መብላት ባትችል እንኳ ከፊቷ ይቀርብላታል፤ እየጎረሰች ታወራለች። ሐና የምታደርገው ይህንኑ ነው። ባል የሞተባት ሴት ቤት ስትሄድ ኩኪስ ይዛ ትሄዳለች፤ በሩን የሚከፍተው ሰሃኑ ነው። ከዚያ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ብድር አለበት፣ ማን ያን ማለዳ ከቤቱ አልነበረም። ፖሊሱ ማዘዣ ይዞ ገብቶ ያላገኘውን እሷ ሁለተኛው ስኒ ቡና ላይ ታገኘዋለች። ሰፈራችን ውስጥ የጎረቤት ሰሃን ባዶውን እንደማይመለስ ለእማማ ስነግራቸው “እዚህም እንደዚያ ነበር” አሉኝና ዝም አሉ።

ከሐና መጻሕፍት የብርዱ ወራት የምንደጋግመው “ብሉቤሪ መፊን መርደር”ን ነበር። ሌክ ኤደን የክረምት በዓሏን ስታከብር፣ ስለ ምግብ አሠራር በቴሌቪዥን የምታስተምር ዝነኛ ሴት ለእንግድነት ትመጣለች፤ ከዚያም በሐና ኩኪስ ቤት ጓዳ ሞታ ትገኛለች። እማማ ይህን መጽሐፍ የሚወዱት ለግድያው አይደለም። ሴንት ፖል ራሷ ከእ.ኤ.አ. 1886 ጀምሮ የምታውቀው የበረዶ ወራት ካርኒቫል አላት፤ በአንዳንድ ዓመታት ከሐይቅ ከተቆረጠ በረዶ ቤተ መንግሥት ይሠራሉ። ስናነብ በየመሐሉ ያስቆሙኝና ወጣት ሳሉ ያዩትን የበረዶ ግንብ ይነግሩኛል። ከመጽሐፉ ይልቅ የእሳቸው ታሪክ የረዘመበት ማታ ብዙ ነው። ያን ከተማ መውደድ የጀመርኩት በእነዚያ ማታዎች ነው፤ ከዚያ በፊት ያሳለፍኩትን ብርድ እንዲሁ ስቆጥረው ነበር የከረምኩት።

እ.ኤ.አ. በ2006 መጋቢት ላይ “ፒች ኮብለር መርደር”ን ይዘን ነበር። ከሐና ኩኪስ ቤት ፊት ለፊት ተፎካካሪ ዳቦ ቤት ይከፈታል፤ ባለቤቷ ትገደላለች፤ ከተማው ሐናን ራሷን ይጠረጥራታል። ግማሹ ላይ ደርሰን ወረቀቶቻችንን ከጣሳው ሥር አስገባን። በሦስተኛው ቀን ጧት ተደወለልኝ። ሌሊት፣ በእንቅልፋቸው ነበር።

የእህታቸው ልጅ ከቤቱ የምትፈልጊውን ውሰጂ አለችኝ። መጻሕፍቱንና የስኳር ጣሳውን ወሰድኩ። ወረቀቶቹን ሳልገልጥ፣ ቀብሩ እስኪደርስ ባሉት ሁለት ማታዎች መጽሐፉን ለብቻዬ ጨረስኩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያነበብኩት። ሲያልቅ ወረቀቶቹን ፈታሁ። የእኔ ስህተት ነበር። የእሳቸው ትክክል።

ስለዚህ የሚጋገረውን የመምረጡ ተራ የእሳቸው ነበር፤ ምን እንደሚመርጡ ደግሞ አውቃለሁ። በቀብሩ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ስወርድ ስድስት ደርዘን ቸኮሌት ቺፕ ክራንች ይዤ ነበር። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ትልቅ የቡና ማፍያ፣ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች፣ በአራት ማዕዘን የተቆረጡ “ባር” የሚሏቸው ጣፋጮች፤ ሽርጥ የታጠቁ አሮጊቶች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የዕድራችን ሴቶች መሰሉኝ። አንዷ ሰሃኔን ተቀብላ ቀመሰችና “ይህ የሐና ነው አይደል?” አለችኝ። አነበባችኋቸው እንዴ ስላት አብረዋት ያሉትን ሦስት ሴቶች ጠራቻቸው። ያን ቀን ከእነሱ ጋር ዕቃ ሳጥብ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሐናን መክፈት አልቻልኩም። ላይብረሪ ውስጥ እዚያው መደርደሪያ አካባቢ ስዞር ነው የዳያን ሞት ዴቪድሰንን “ኬተሪንግ ቱ ኖባዲ” ያገኘሁት፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ። ጎልዲ የምትባል ሴት ኮሎራዶ ተራሮች ላይ፣ አስፐን ሜዶ በምትባል ከተማ፣ ለድግስ ምግብ እያዘጋጀች ትኖራለች። ይደበድባት ከነበረ ሐኪም ባሏ ተፋታ ልጇን ለብቻዋ ታሳድጋለች። የልጇ መምህር ሞታ የቀብሩን ምግብ ስታቀርብ የቀድሞ አማቷ ይመረዛል። ፖሊስ ወጥ ቤቷን ያሽግባታል፤ እንጀራዋ ነው የታሸገው። ስሟን ካላጠራች ልጇን የምታበላው የላትም። ከሐና ይልቅ ጎልዲ ትከብዳለች፣ ቁስሏም ጠልቆ የሚሰማ ነው፤ ሐዘን ላይ ለነበርኩት ለእኔ ያኔ የተስማማችኝ እሷ ናት። አንድ ሌላ ነገርም ነበራት፤ ከምግብ አሠራሮቿ አንዳንዶቹ ሥር ለከፍተኛ ቦታ የሚሆን ማስተካከያ አለ። ይህን ያህል ዱቄት ጨምሪ ይላል። ለሚኒሶታ የማይጠቅም ነገር ስለሆነ አልፌው ሄድኩ።

የአውስትራሊያዋ ኬሪ ግሪንዉድ ደግሞ ኮሪና ቻፕማንን ሰጠችኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው “ኧርዝሊ ዲላይትስ”። ኮሪና የሒሳብ ሥራዋን ትታ ሜልበርን መሀል ዳቦ ቤት የከፈተች ናት፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ እርሾዋን ትመግባለች። ወለል ሊያጸዳ የመጣ፣ ከአደንዛዥ ዕፅ ለመላቀቅ የሚታገል ጄሰን የሚባል ልጅ አለ፤ መፊን መጋገር የተሰጠው እጅ ሆኖ ይገኛል። ግድያውን ረስቼዋለሁ፤ ያ ልጅ የመጀመሪያውን ትሪ ያወጣበትን ማለዳ ግን አልረሳሁም። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ አውቶቡስ ውስጥ ነበር ያነበብኩት፤ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

አዲስ አበባ የተመለስኩት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ቸኮሌቱ፣ የብረት መስፈሪያውና የእማማ የስኳር ጣሳ ነበሩ። እናቴ ከአባቴ ሞት ወዲህ ብዙም አትጋግርም ብለውኝ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ኮርንፍሌክስ ገዝቼ መጣሁና ማዕድ ቤቷን ያዝኩት። እሷ በርጩማዋ ላይ ሆና ታየኛለች፤ እኔ ሊጡን እያሸሁ ወተት አመላላሹን እነግራታለሁ። ኩኪሱ ኦቭን ገባ። ሲወጣ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ተንጣሎ፣ እንደ ቂጣ ሆኗል።

ከመጀመሪያው ሙከራዬ ወዲህ ስንት ዓመት አንድም ቀን ያልተበላሸብኝ ነገር ነው። ልክ እንደሰፈርኩ አውቃለሁ። እናቴ ቁራሽ አንስታ ቀምሳ “ሙያሽ አይደለም፤ አገሩ ነው” አለች። ያን ጊዜ ጎልዲ ትዝ አለችኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሳሳ ውኃ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ ከሊጡ እርጥበት ቶሎ ይተናል፣ ስኳሩ ይበረታል፣ ሶዳው የሚያወጣው አየር ከልክ በላይ ይነፋና ሊጡ ሳይጸና ይዘረጋል። ያ አልፌው የሄድኩት መስመር የተጻፈው እንደ እናቴ ላለች የደጋ ሰው ነበር። ሶዳውን ወደ ግማሽ ቀነስኩ፣ ከስኳሩ ትንሽ አነሳሁ፣ ዱቄት ጨመርኩ። እናቴ ከበርጩማዋ ተነሥታ እጇን ሊጡ ውስጥ ከተተችና አሸችው። “ገና ነው፤ አንድ እፍኝ” አለች። በእሷ እፍኝ ጨመረች።

ሁለተኛው ትሪ ቅርጹን ይዞ፣ ጠርዙ ወርቅማ ሆኖ ወጣ። ጎረቤት ሽታውን ሰምቶ መጣ፤ ቡናው ተፈላ። እናቴ ሦስተኛዋን ኩኪስ ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

“ለመሆኑ ያን ወተት አመላላሽ ማነው የገደለው?”

“ገና ግማሹ ላይ ነን እኮ። አንቺ ማን ይመስልሻል?”

ጥቂት አሰበች። አፏ ላይ የመጣውን ስም መልሳ ዋጠችው፤ የተቀመጡትን ጎረቤቶች ገረመመችና “ወረቀት አምጪልኝ” አለች። መነጽሯን አድርጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ጻፈች። አራት ቦታ አጥፋ ከስኳር ጣሳው ሥር አስገባችው።